በሩን ለሰፈሩ የከፈቱ እረኛ፤ የቄስ አውጉስት ሄርማን ፍራንኬ ሕይወት

ቤተ ክርስቲያን በአንድ ስፍራ ስትታነጽ፣ በአጥርዋ ዙሪያ ለሚኖሩት ሰዎች ምን ልትሆንላቸው ይገባታል? ለዚህ ጥያቄ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ መልስ ከሰጡት አባቶች አንዱ ጀርመናዊው የሉተራን ቄስ አውጉስት ሄርማን ፍራንኬ ናቸው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንኬ በ1663 ዓ.ም. ሉቤክ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ሦስት ዓመት ሲሆናቸው ቤተ ሰቡ ወደ ጎታ ተዛወረ፤ አባታቸው ሕግ ዐዋቂ ነበሩና የጎታውን መስፍን ኤርነስትን ያገለግሉ ጀመር። ይህ መስፍን በ1652 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን በቤተ መንግሥቱ የተቀበለው ነው። አባታቸው በ1670 ዓ.ም. ስለ ሞቱ ግን ፍራንኬ በሰባት ዓመታቸው የሙት ልጅ ሆኑ።

ካደጉም በኋላ መጻሕፍት ቅዱሳትንና የዕብራይስጥን ቋንቋ በትጋት ተማሩ። በ1687 ዓ.ም. በሉነቡርግ ከተማ እንዲሰብኩ በታዘዙ ጊዜ፣ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ቁጥር 31 ላይ ስለ ሕያው እምነት ለመናገር መዘጋጀት ጀመሩ። ነገር ግን ለሌላው ሊያስተምሩት ያሰቡት እምነት በራሳቸው ልብ ውስጥ እንደሌለ ተገነዘቡና እጅግ ተጨነቁ። በጉልበታቸውም ተንበርክከው እግዚአብሔርን በለመኑት ጊዜ ጥርጣሬው ከልባቸው ርቆ በደስታ ተሞሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ሕይወት የሚገኝ ዕውቀት አላረካቸውም።

ስለዚህም በላይፕሲግ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያስተምሩ ተቃውሞ ተነሣባቸው፤ በ1691 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርፉርት ተባረሩ። በዚህ ጊዜ የታወቁት ቄስ ፊሊፕ ያኮብ ሽፔነር ረዷቸውና በ1692 ዓ.ም. ግላውኻ ወደምትባል መንደር እረኛ ሆነው ሄዱ። በአጠገቧ ባለችው በሃሌ ከተማም በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር።

ግላውኻ ከሃሌ ቅጥር ውጭ ያለች ድሀ ሰፈር ነበረች። ፍራንኬ ከመድረሳቸው ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ቸነፈር ከሕዝቡ እጅግ ብዙውን ፈጅቶ ነበር። ከ200 ያህል ቤቶች 37ቱ መሸታ ቤቶች እንደነበሩ ይነገራል። አባትና እናት የሌላቸው ልጆች በየመንገዱ ይቅበዘበዙ ነበር።

በዚያ አገር ልማድ ድሆች በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ቄሱ ቤት መጥተው ምጽዋት ይቀበሉ ነበር። ፍራንኬ ግን እንጀራውን በደጃፍ ሰጥተው ማሰናበት አልበቃቸውም። ታላላቆቹንና ልጆቹን ወደ ቤታቸው አስገብተው ስለ እምነት ትምህርት ይጠይቋቸው ጀመር። በዚያን ጊዜ የሰፈሩን ችግር ሥሩን አዩ፤ ልጆቹ ስለ እግዚአብሔር የሚያውቁት ከምንም አይቆጠርም ነበርና። ለብዙ ዓመታት በር ላይ ምጽዋት ሲሰጥ ይህ ድንቁርና ሳይታይ ኖሮ ነበር።

ከዚህ በኋላ በቤታቸው የምጽዋት ሣጥን አኖሩ። በ1695 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንድ ሰው 4 ታለርና 16 ግሮሽን አግብቶ ተገኘ። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት ገንዘብ የዚሁ የታለር ወገን ነው። ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም ፍራንኬ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱበት ወሰኑ። 27 መጻሕፍት ገዙ፤ አንድ ድሀ ተማሪም በቀን ሁለት ሰዓት እንዲያስተምር ቀጠሩ። መጻሕፍቱንም ለልጆቹ ሰጧቸው፤ የተመለሱት ግን አራት ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ልጆች መጻሕፍቱን ይዘው ጠፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ሰፈር አይረባም ብሎ በተወው ነበር። ፍራንኬ ግን ሌሎች መጻሕፍት ገዙና ከትምህርት በኋላ በዚያው ክፍል እንዲቀመጡ አደረጉ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ጭምር ልጆቻቸውን እየከፈሉ ላኩ።

በዚያው ዓመት ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መቀበል ጀመሩ። ወርቃማው ንስር ይባል የነበረውን መሸታ ቤትም ገዙ፤ በ1698 ዓ.ም. የታላቁ የሙት ልጆች ማሳደጊያ መሠረት ተጣለ። መድኃኒት ቤትና ማተሚያ ቤትም ተቋቋሙ፤ ከእነርሱ የሚገኘው ትርፍ ለልጆቹ መኖሪያ ሆነ። ድሆች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነጻ እየተመገቡ በምላሹ ልጆቹን ያስተምሩ ነበር።

ይሁን እንጂ መንገዱ ሁሉ የተቃና አልነበረም። ፍራንኬ ንስሐ አልገቡም ያሏቸውን ብዙ ሰዎች ከጌታ ራት ስለ ከለከሉ በምእመናኑ ዘንድ ታላቅ ክርክር ተነሣ፤ የሃሌ ቀሳውስትም ተቃወሟቸው፤ ነገሩም እስከ መንግሥት ደረሰ። የእግዚአብሔር አገልጋይም ሰው ነውና፣ ቅንዓት ከትዕግሥት ጋር ካልተጣመረ ጎረቤትን እንደሚያርቅ ከዚህ እንማራለን። ተግሣጽ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የሰፈሩን ልጆች የሰበሰበው የተከፈተው በር ነበረ።

ለቅርብ ጎረቤት የተከፈተው በር ለሩቁም ተከፈተ። በሃሌ የተማሩት ሲገንባልግና ፕሉቻው በ1706 ዓ.ም. በሕንድ አገር ትራንኬባር ደርሰው ወንጌልን ሰበኩ። በ1710 ዓ.ም. ደግሞ ባለ ርስቱ ካንሽታይን በሃሌ ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት መጽሐፍ ቅዱስ ድሀ በሚችለው ዋጋ ይታተም ጀመር። ፍራንኬ በ1727 ዓ.ም. ሰኔ ወር ሲያርፉ፣ ባቋቋሟቸው ትምህርት ቤቶች ከ2,200 የሚበልጡ ልጆች ይማሩ ነበር።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ እኛም በየማኅበራችን ራሳችንን እንመርምር። በእሑድ ቀን ደወላችንን የሚሰማው ጎረቤት በሰኞ ቀን ምን ያገኝብናል? በቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር የሚያድረውን ልጅ ስሙን እናውቃለንን? ምጽዋት ከሰጠነውስ በኋላ ወደ ውስጥ አስገብተን የጎደለውን ጠይቀነዋልን? የተሰጠውን መጽሐፍ ይዞ ቢጠፋ ሁለተኛ ልንገዛለት ፈቃደኞች ነንን? ስለ ሰዎች ሁሉ ራሱን የሰጠ ጌታ፣ የዘጋነውን በር እንድንከፍት ልባችንን ያብራልን። አሜን።