ፋኒ ፋርመር

ፋኒ ሜሪት ፋርመር (ከመጋቢት 15 ቀን 1849 ዓ.ም. እስከ ጥር 7 ቀን 1907 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1857–1915) አሜሪካዊት የባልትና መምህርትና የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ ደራሲ ነበረች። በይበልጥ የምትታወቀው ዱቄት፣ ስኳር፣ ወተትና ቅቤ በእጅ ግምት መሆኑ ቀርቶ መጠናቸው በታወቀ ኩባያና ማንኪያ፣ ያውም ሳይከመሩ አፋቸው ተስተካክሎ እንዲሰፈሩ በማስለመዷ ነው። መሥመርና ቁጥር የታተመበት የወጥ ቤት ጆግ የእሷ ፈጠራ አይደለም። ይሁን እንጂ ጆጉ የሚለካው «አንድ ኩባያ» ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲኖረው ካደረጉት ሰዎች መካከል ዋነኛዋ እሷ ናት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ሕመም

ፋኒ የተወለደችው በማሳቹሴትስ ግዛት በቦስተን ከተማ ማርች 23 ቀን 1857 ነው። አባቷ ጆን ፍራንክሊን ፋርመር የኅትመት ባለሙያ ነበር፤ እናቷ ሜሪ ዋትሰን ሜሪት ትባላለች። ከአራት እኅትማማቾች ታላቋ ስትሆን ያደገችው ከቦስተን ብዙም በማትርቀው በሜድፎርድ ነው። ወላጆቿ ለሴት ልጆች ትምህርት ትልቅ ግምት ይሰጡ ስለነበር ፋኒን ኮሌጅ ለማስገባት ያስቡ ነበር።

የ16 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ግን ሽባ የሚያደርግ ሕመም ያዛት። በዘመኑ በሽታው እንደ ስትሮክ ተቆጥሮ ነበር፤ አንዳንድ የኋላ ጸሐፊዎች ግን ፖሊዮ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ትምህርቷ በዚያው ተቋረጠ። ለዓመታት መራመድ ተስኗት ከወላጆቿ ቤት ሳትወጣ ቆየች። በኋላ ቆማ ብትሄድም እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ታነክስ ነበር።

በዚህ ጊዜ የቀረላት የሥራ ቦታ ወጥ ቤቱ ነበር። ቤተሰቡ ገንዘብ ለማግኘት ተከራዮችን ተቀብሎ ያበላ ስለነበር ምግቡን የማዘጋጀቱ ሥራ በእሷ እጅ ገባ፤ ቤቱም በማዕዱ ስም አወጣ። ከዚያም ሚስዝ ቻርልስ ሾው በሚባሉ ሴት ቤት የልጆችና የቤት ሥራ አጋዥ ሆና ተቀጠረች። ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ እንደሚለው የመለካት ነገር የጀመረው እዚያ ቤት ነው። ማርሻ የምትባለው የቤቱ ትንሽ ልጅ ምግብ መሥራት ስትማር፣ ቁንጥር ስንት እንደሆነ፣ የእንቁላል ያህል ቅቤ ሲባልም ስንት እንደሆነ እየጠየቀች መልስ አሳጣቻት ይባላል። ታሪኩ እውነት ይሁንም አይሁን፣ ጥያቄው ግን የማንም ጀማሪ ጥያቄ ነው።

የቦስተን የባልትና ትምህርት ቤት

የቦስተን የባልትና ትምህርት ቤት በ1879 በአንድ የሴቶች የትምህርት ማኅበር የተመሠረተ ነው። ዓላማው ወጥ ቤት ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩና ባልትና የሚያስተምሩ ሴቶችን ማሠልጠን ነበር። ፋኒ እዚያ ስትገባ 30 ዓመቷ ነበር፤ ይህ በወቅቱ ለተማሪነት እንደ ዘገየ ዕድሜ የሚታይ ነው። በ1889 ስትመረቅ ጥሩ ውጤት ካመጡት አንዷ ስለነበረች ትምህርት ቤቱ በረዳትነት አስቀራት፤ ጥቂት ዓመታት ቆይታም ዋና ኃላፊ ሆነች። ትምህርቱ ምግብ መሥራትን ብቻ ሳይሆን የምግብን ንጥረ ነገር፣ ንጽሕናንና የቤት አያያዝንም ያካተተ ነበር።

መጽሐፏ

በ1896 «የቦስተን የባልትና ትምህርት ቤት የምግብ መጽሐፍ» ታተመ። አሳታሚው ሊትል ብራውን መጽሐፉ ይሸጣል ብሎ ስላላመነ ያተመው 3,000 ቅጂ ብቻ ሲሆን ወጪውንም ደራሲዋ እንድትሸፍን አደረገ። እሷ በበኩሏ የባለቤትነት መብቱን በእጇ አስቀረች። ይህ ለአሳታሚው ጥንቃቄ ነበር፤ ለእሷ ግን ሀብት ሆነላት። መጽሐፉ በተደጋጋሚ እየታተመ በድምሩ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

በልክ መሥፈርን እሷ አልጀመረችውም። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ኃላፊ የነበረችው ሜሪ ሊንከን በ1884 ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ የመለኪያ ሠንጠረዥ ነበር። ስለዚህ ለፋኒ የተሰጣት «የልሙጥ ስፍር እናት» የሚለው ቅጽል የተጋነነ ነው ማለት ይቻላል። የእሷ ድርሻ ደንቡን ያለ ልዩነት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው መከተሏ ነው። በሊንከን ዘመን ክምር ማንኪያ፣ ሞላ ያለ ማንኪያና ልሙጥ ማንኪያ ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። ፋኒ ክምሩን አስቀረችው።

ልሙጥ ስፍር እንዴት ይሠራል

የደንቧ መነሻ አጭር ነው። አንድ ኩባያ ማለት ግማሽ ፓይንት ነው፤ በዛሬው መለኪያ 236.6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። 3 የሻይ ማንኪያ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ 16 የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 1 ኩባያ ይሆናል። ኩባያዎቹ ከቆርቆሮ ወይም ከመሳሰለው ተሠርተው ለሲሶና ለሩብ የሚሆን ምልክት ነበራቸው።

ዱቄት አስቀድሞ ይነፋል፤ ከዚያ በማንኪያ እየተጨለፈ ወደ ኩባያው ይገባል፤ ኩባያው ግን አይነቀነቅም፤ ከነቀነቁት ዱቄቱ ይጠቀጠቅና ከሚፈለገው በላይ ይገባል። በመጨረሻ የቢላ ጀርባ በአፉ ላይ ተስቦ ትርፉ ይወሰዳል። ቅቤ በተቃራኒው አየር እንዳይቀር ተጠቅጥቆ ይሞላል። ግማሽ ማንኪያ የፈለገ ሰው ሙሉውን አስተካክሎ በርዝመቱ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሩብ ከፈለገ ግማሹን በአግድም ይቆርጠዋል። ፈሳሽ ሲሆን አንድ ኩባያ ማለት ኩባያው የሚይዘው ሁሉ ነው።

ፋኒ በልምድ ብዛት በዓይን ብቻ መጥነው የሚሳካላቸው ሰዎች መኖራቸውን አልካደችም። ችግሩ እንዲህ ያለችው ባለሙያ ያወቀችውን ለሌላ ለማስተላለፍ ተማሪዋን አጠገቧ ማቆም ያለባት መሆኑ ነው። የተሰፈረ ነገር ግን በወረቀት ላይ ተጽፎ ጸሐፊዋን አይታት ለማታውቅ ሴት ይደርሳል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በአገራችን ገበያ እህል የገዛ ሰው ክምርና ልሙጥ ምን ያህል እንደሚለያዩ ያውቃል፤ በምርቃት የሚጨመረውም ስፍሩ መተማመኛ እንጂ ቁርጥ ልክ አለመሆኑን ያሳያል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ መስፈሪያዎች ባደረገው ጥናት እንዳሳየው አንድ ስም ያለው መስፈሪያ ከቦታ ቦታ መጠኑ ይለያይ ነበር። ግምጃ ቤት ላይ የተሰፈረ ጣሳ አዲስ አበባ ካለው ጣሳ ጋር እኩል ነው ብሎ የሚምል ሰው ዛሬም አይገኝም። በሌላ በኩል አረቄ የሚቀዳባትን ትንሽ ብርጭቆ ቋንቋችን «መለኪያ» ብሎ መጥራቱ ፈሳሽን በልክ የመቅዳት ሐሳብ ከእኛም ቤት እንዳለ ይመሰክራል።

ድክመቱ

ልሙጥ ስፍር ለፈሳሽ ጥሩ ነው፤ ለዱቄት ግን ሁልጊዜ አይታመንም። በፋኒ ስሌት 4 ኩባያ ዱቄት 1 ፓውንድ ይመዝናል፤ አንዱ ኩባያ 113 ግራም ገደማ ማለት ነው። ዱቄቱ ካልተነፋ ወይም ከተጠቀጠቀ ያው ኩባያ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ይይዛል። በአውሮፓ ብዙ አገሮች ደረቅ ነገር በሚዛን የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪ የብሪታንያ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ግማሹ ከአሜሪካው ኩባያ በ47 ሚሊ ሊትር ያህል ይበልጣል። የውጭ አገር የምግብ መመሪያ አውርዶ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የየትኛው አገር ኩባያ እንደሆነ ማረጋገጥ አለበት።

የሕሙማን ምግብ

በ1902 ፋኒ የቦስተኑን ትምህርት ቤት ለቃ በስሟ የሚጠራ የራሷን ትምህርት ቤት ከፈተች። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በይበልጥ መምህራንን ሲያሠለጥን፣ የእሷ ደግሞ ለቤት እመቤቶችና ለነርሶች የተዘጋጀ ነበር። ከሥራዋ ሁሉ ክብደት ትሰጠው የነበረው ለታመሙ ሰዎች ምግብ ነው። ዓመታት በአልጋ ላይ ያሳለፈች ሴት እንዲህ ብታስብ አይገርምም። በ1904 ስለ ሕሙማንና ስለሚያገግሙ ሰዎች ምግብ መጽሐፍ አወጣች፤ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትም ስለዚሁ ጉዳይ ንግግር አድርጋለች።

መጽሐፉ ስለ ስኳር በሽታ ምዕራፍ አለው። ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ለስኳር ሕመምተኛ ሊያደርግ የሚችለው ዋነኛ ነገር የሚበላውን መወሰን ስለነበር፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚደረግ የመጠን ስሕተት ኬክ ከማበላሸት ያለፈ መዘዝ ነበረው።

የመጨረሻ ዓመታት

ፋኒ አላገባችም። ከእኅቷ ከኮራ ጋር ሆና «ውመንስ ሆም ኮምፓኒየን» በተባለው መጽሔት ላይ ለአሥር ዓመት ያህል ስለ ምግብ ጽፋለች። በመጨረሻዎቹ ሰባት ዓመታት እንደገና መራመድ ስላቃታት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበረች፤ ማስተማሩን ግን አላቆመችም። የመጨረሻ ንግግሯን ያደረገችው ልትሞት አሥር ቀን ሲቀራት ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1915 ቦስተን ውስጥ አረፈች፤ የተቀበረችው በካምብሪጅ በሚገኘው ማውንት ኦበርን መቃብር ነው። ትምህርት ቤቷ እስከ 1944 ድረስ ቆይቷል። መጽሐፉንም የኮራ ልጅ ሚስት ዊልማ ሎርድ ፐርኪንስ ለብዙ ዓመታት እያሻሻለች አሳትማዋለች።

ከኩባያ ወደ ጆግ

እስከ አፉ የሚሞላ ኩባያ ለዱቄት ይመቻል፤ ወተት ሞልቶ ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ መውሰድ ግን መድፋት ነው። ስለዚህ የፈሳሽ መለኪያ ከዱቄቱ ተለይቶ የራሱን ቅርጽ ያዘ። ከላይኛው መሥመር በላይ ባዶ ቦታ፣ መቅጃ አፍና እጀታ ተደረገለት። ፋኒ በሞተችበት በ1915 ኮርኒንግ የተባለው የመስታወት ፋብሪካ ሙቀት የሚችለውን ፓይረክስ ለገበያ አቀረበ፤ በቀጣዩ አሥር ዓመት ደግሞ ከዚሁ መስታወት መለኪያ ኩባያ ተሠራ። ቆርቆሮው ከውስጥ ብቻ ይታይ የነበረውን መስታወቱ ከጎንም እንዲነበብ አደረገ።

የጆግ ልክነት በስፋቱ ይወሰናል። የውስጥ ወርዱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጆግ ላይ በንባብ 1 ሚሊ ሜትር መሳሳት ወደ 4 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። እንደ ብርሌ አንገቱ ጠቦ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ያው ስሕተት 0.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነበር። የቤተ ሙከራ ጠርሙሶች አንገታቸው ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው። ውሃ በመስታወት ጠርዝ ላይ ትንሽ ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚነበበው የመካከሉ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ዓይንም ከመሥመሩ ጋር እኩል መሆን አለበት።

እየቀዱ መለካት ከዚህ ይከብዳል። ጆጉ ሲዘነበል የፈሳሹ ገጽ ከመሬት ጋር እኩል ሆኖ ስለሚቀር በመቅጃው በኩል ከፍ፣ በእጀታው በኩል ዝቅ ይላል። ሆኖም ጆጉ ወጥ ቱቦ ከሆነና ፈሳሹ ወለሉን በሙሉ እስከሸፈነ ድረስ በመካከለኛው መሥመር ላይ ያለው ከፍታ አይለወጥም፤ የአንዱ ወገን ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይተካል። ስለዚህ ቁጥሮቹ በመቅጃውና በእጀታው መካከል፣ በጎን በኩል ከታተሙ እየቀዱም ትክክለኛውን መጠን ማንበብ ይቻላል። ፈሳሹ ቀንሶ የወለሉ አንድ ጫፍ ሲገለጥ ግን ንባቡ ይዛባል፤ ያን ጊዜ ጆጉን ማቆም ግድ ነው። በ2001 ኦክሶ የተባለው ድርጅት ያወጣው ጆግ ደግሞ በውስጡ ሰያፍ መሥመር ስላለው ሳያጎነብሱ ከላይ ሆነው ያነቡታል።