ሚካኤል ፋራዴይና የብረቱ ቀለበት

ሚካኤል ፋራዴይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሎንዶን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፥ ቤታቸውም የድኻ ቤት ነበረ። ቀጥቃጭን መናቅ በኢትዮጵያ የቆየ ክፉ ልማድ ነው፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክን ምሥጢር ከገለጡት ሊቃውንት ታላቁ የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ።

በ14 ዓመቱ ከመጻሕፍት ጠራዥ ዘንድ ገብቶ ሰባት ዓመት ሙያ ተማረ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት ያነብ ነበር። በ1812 ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ሊቅ ሲያስተምር ሰማ፤ የሰማውንም ጽፎ፥ በእጁ ጠርዞ ላከለት። በ1813 የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በ1820 ኤርስቴድ የኤሌክትሪክ ጅረት የማግኔትን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አሳይቶ ነበር። ፋራዴይ ግን ማግኔት በተራው ኤሌክትሪክን ይወልድ እንደ ሆነ ይመረምር ጀመር። ብዙ ጊዜ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ኦገስት 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የማይነካኩ የመዳብ ሽቦዎችን ጠቀለለ፤ አንዱን ከባትሪ፥ ሁለተኛውን ከመርፌው አጠገብ ካለው ሽቦ ጋር አገናኘ። ባትሪው ሲገናኝ መርፌው ለቅጽበት ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ፤ ሲለያይም እንደ ገና ወደ ሌላው ወገን ተንቀጠቀጠ። እርሱ ተስፋ ያደረገው የማያቋርጥ ጅረት ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ከንቱ ድካም ብሎ በተወው፤ ፋራዴይ ግን ያየውን እንዳየው ጻፈ፤ ኤሌክትሪክን የሚወልደው የጅረቱ መኖር ሳይሆን መለወጡ እንደ ሆነም አስተዋለ። በ1834 ደግሞ በአንድ ጥቅልል ሽቦ የሚሄድ ጅረት በድንገት ሲቋረጥ ከባትሪው የበረታ ብልጭታ እንደሚሰጥ መረመረ፤ አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪም ይህንኑ በ1832 አስታውቆ ነበር።

ዛሬ በወልድያ ወይም በመርሳ አንድ ተማሪ በአንድ የባትሪ ድንጋይ ነጭ የኤልኢዲ መብራት አብርቶ ሌሊት ሊያጠና ቢወድ፥ ድንጋዩ 1.5 ቮልት ብቻ ስላለው 3 ቮልት የሚፈልገው መብራት አይበራለትም። መፍትሔው ከፋራዴይ ሥራ ይወጣል። ትራንዚስተር እንደ በር ሆኖ የጥቅልሉን ጅረት በሰከንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ ይከፍታል፥ ይዘጋል፤ በተዘጋ ቍጥር ከፍ ያለው ቮልት በዳዮድ አልፎ በካፓሲተር ይጠራቀማል። ከፍታው ጥቂት ሲሆን አንድ ጥቅልል ይበቃል፤ እጅግ ከፍ ያለ ቮልት ሲፈለግ እንደ ቀለበቱ ያለ ሁለት ጥቅልል ይመረጣል።

ነገር ግን ከአንድ ቁና ጤፍ ሁለት ቁና አይሰፈርም። በቮልት የተጨመረው በጅረት ይከፈላል። መብራቱ በ3 ቮልት 20 ሚሊአምፔር ቢወስድ፥ ከድንጋዩም ኃይል አምስተኛው እጅ በሙቀት ቢጠፋ፥ አዲስ ድንጋይ 50 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ደክሞ ወደ 1 ቮልት ሲወርድ ግን 75 ይጠየቃል። ጥቅልሉንና ትራንዚስተሩን በአዲሱ ድንጋይ ልክ የመረጠ ሰው ድንጋዩ በደከመ ሌሊት ጨለማ ይውጠዋል። አስተዋይ ገበሬ ጎተራውን በጥጋብ ወር ሳይሆን በክረምት ችግር እንደሚሰፍረው፥ አስተዋይ ሠሪም በድካሙ ሰዓት ልክ ይመርጣል።

ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነት ቢሰጡት አልቀበልም ብሎ፥ በ1867 በትሕትና እንደ ኖረ ዐረፈ። ከሕይወቱ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ትንሽን ምልክት አለመናቅ፥ ያልተከፈለበትንም ትርፍ አለመመኘት።