ኢቅባል በተማሪነቱ፦ ካምብሪጅ፣ ለንደን፣ ሃይደልበርግ

ከቦምቤይ ወደ አውሮፓ የምትጓዘው መርከብ ስዊዝ ላይ ስትቆም የግብፅ ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን ይዘው ወደ ተሳፋሪው ይመጣሉ። ጊዜው መስከረም 1905 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የ27 ዓመቱ ሙሐመድ ኢቅባል ነበር። ሲጋራ ሊገዛ ከአንድ ወጣት ግብፃዊ ሻጭ ጋር ወሬ ጀመረና ሙስሊም መሆኑን ነገረው። (አዎ፣ ያጨስ ነበር። የትልቅ ሰው ታሪክ ስንጽፍ እንዲህ ያለውን መደበቅ አይጠቅምም።) ሻጩ ግን ሊያምነው አልቻለም። ኢቅባል ራሱ ላይ የደፋው የእንግሊዞችን ባርኔጣ ነው፤ ሙስሊም ሆኖ ይህን ለምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ልጁ አመነ፣ ኢቅባልም ከቁርኣን የተወሰኑ አያዎችን ቀራለት። ያን ጊዜ ሻጩ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። እጁን ስሞ ጓደኞቹን ጠራ፤ ሁሉም ማሻአላህ እያሉ ከበቡት።

ይህን የጻፈው ኢቅባል ራሱ ነው፤ ካምብሪጅ ከገባ በኋላ ላሆር ለሚታተም ጋዜጣ በላከው ደብዳቤ። እኛ ዛሬ የምናውቀው ኢቅባል ባለ ጥምጣም ሐሳቡ፣ የኡማው ገጣሚ፣ ፈላስፋው ነው። እዚህ የምንተርከው ግን ገና ተማሪ የነበረበትን ሦስት ዓመት ነው። ማን መሆኑን ያወቀው በነዚያ ዓመቶች ይመስለኛል።

የተወለደው ኖቬምበር 9 ቀን 1877 በፑንጃብ ሲያልኮት፣ በዛሬዋ ፓኪስታን ነው። አባቱ ሸይኽ ኑር ሙሐመድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አስኮላ ባይገቡም ዲናቸውን የሚወዱ፣ ከዐሊሞች ጋር መቀመጥ የሚያበዙ ሰው ነበሩ። ዐረብኛና ፋርስኛ ያስተማሩት ሰይድ ሚር ሐሰን ናቸው። ላሆር በሚገኘው ገቨርንመንት ኮሌጅ ፍልስፍና ተምሮ በ1899 ማስተርሱን ያዘ። እዚያ ያስተምሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ቶማስ አርኖልድ ስለ እስልምና መስፋፋት በሰፊው የጻፉ ምሁር ናቸው። በ1904 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ኢቅባል የመለያየት ግጥም ጻፈላቸው፤ በዓመቱም ተከተላቸው። ወጪውን የቻለለት መሐንዲሱ ታላቅ ወንድሙ ዓጣ ሙሐመድ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ኢቅባል በበኩሉ ከሚያስተምርበት ኮሌጅ የረጅም ጊዜ ፈቃድ ወሰደ። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹንም ትቶ ነው የሄደው። ትዳሩ ደስታ የሰመረለት አልነበረም፣ መራራቁም አላቀናውም።

ካምብሪጅ ሲደርስ ማስተርስ ያለው፣ በህንድ ስሙ የታወቀ ገጣሚ ነው። ትሪኒቲ ኮሌጅ የተመዘገበው ግን ለመጀመሪያ ዲግሪ ነበር! ደረጃዬ ዝቅ አለ ብሎ አልተቀየመም። የተመዘገበው ምርምር አቅርቦ ዲግሪ ለሚያገኝ ከፍተኛ ተማሪ በተከፈተው መንገድ ነው። ፍልስፍናን ከማክታጋርትና ከጄምስ ዋርድ ተማረ። የፋርስኛና የተሰውፍ ሊቅ የሆነውን ሬይኖልድ ኒኮልሰንንም ያወቀው እዚያው ነው። ኒኮልሰን ከዓመታት በኋላ፣ በ1920፣ የኢቅባልን የፋርስኛ ሥራ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ለምዕራቡ ዓለም አስተዋውቋል። መኖሪያው ፖርቱጋል ፕሌስ በምትባል ጠባብ መንገድ 17 ቁጥር ቤት ነበር። ዛሬ ግድግዳው ላይ ስሙ ተጽፏል።

የሚያጠናው በፋርስ ምድር የነበረውን የፍልስፍና እድገት ነው። ጉዳዩ ሱፍያን ይነካል። ገና ካምብሪጅ እንደገባ፣ በኦክቶበር 1905፣ ደልሂ ላለው ወዳጁ ለኸዋጃ ሐሰን ኒዛሚ ጻፈ፤ ተሰውፍን የሚመለከቱ የቁርኣን አያዎችን ፈልጎ እንዲልክለት ለመነው። በዓለም ካሉት ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ተቀምጦ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሀገሩ ሰው መጻፉ ያስገርማል። ምን የት እንደሚገኝ ያውቅ ነበር።

ፍልስፍናው ብቻ አልበቃውም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 6 ለንደን በሚገኘው ሊንከንስ ኢን ለሕግ ተመዘገበ። ሊንከንስ ኢን ተራ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ጠበቆችን የሚያወጣ ጥንታዊ ማኅበር ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ተማሪ ፈተና ማለፉ ብቻ አያስመርቀውም ነበር። በእያንዳንዱ ተርም በማኅበሩ አዳራሽ ለተወሰኑ ምሽቶች ራት ላይ መገኘት ነበረበት፤ መገኘቱም ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የካምብሪጁ ተማሪ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ በባቡር እየተመላለሰ በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ሆኖ ኖረ። እዚህ ስለ ካንትና ሄግል ይሟገታል፣ እዚያ ከወደፊት ዳኞችና ጠበቆች ጋር ማዕድ ይቀርባል።

ለንደን ግን ለራት ብቻ አልነበረችም። አርኖልድ እዚያ ናቸው፤ የላሆር ጓደኛው አብዱልቃዲርም ሕግ ያጠና ነበር። አንድ ማታ ጓደኞች ቤት ተጠርቶ በፋርስኛ ይገጥም እንደሆነ ጠየቁት። ከአንድ ሁለት ስንኝ በላይ እንዳልሞከረ ለመናገር ተገደደ። አብዱልቃዲር እንደተረከው፣ ሌሊቱን አልጋው ላይ ሆኖ አሰላሰለና ሲነጋ ሁለት ሙሉ የፋርስኛ ገዘሎች አነበበለት። በኋላ ከኡርዱ ይልቅ አብዛኛውን ትልልቅ ሥራውን የጻፈው በፋርስኛ ነው። መነሻው ያ የግብዣ ምሽት ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ግጥምን ጭራሽ ሊተው ቆርጦ ነበር። አውሮፓውያን ሲሠሩና ሲሮጡ እያየ፣ የእሱ ሕዝብ ተኝቶ ሳለ ቃላት መደርደር ጊዜ ማባከን መሰለው። አብዱልቃዲር ተከራከረው፣ አልሰማም። በመጨረሻ ዳኝነቱን ለአርኖልድ ለመስጠት ተስማሙ፤ አርኖልድ እንዳይተው ከለከሉት። ካምፓስ ላይ ስንቱ ወንድምና እህት ይህ ትምህርት ምን ይረባል ብሎ ሌሊት እንደሚጨነቅ ሁላችንም እናውቃለን። ኢቅባልን ያተረፈው ጓደኛውና መምህሩ አብረውት መምከራቸው ነው።

በኤፕሪል 1907 ለንደን ላይ ዓጢያ ፈይዚ ከተባለች የቦምቤይ ሙስሊም ተማሪ ጋር ተዋወቀ። በ1947 ያሳተመችው ትዝታዋ የዚያን ዓመት ሽርሽሮች ዘርዝሮ ይዟል። በጁን መጀመሪያ አርኖልድ ካምብሪጅ ላይ፣ ወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ምሳ ጋብዘዋቸው ነበር። ወሬው ወደ ሞትና ሕይወት ዞረ። ምሁራኑ ሁሉ ሲናገሩ ኢቅባል ዝም ብሎ ቆየና፣ ሲጠየቅ ብቻ በአጭሩ መለሰ። በዚያው ዓመት የካምብሪጅ ዲግሪውን አገኘ።

ሦስተኛው ጉዳይ ዶክትሬቱ ነበር። የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጥናቱን በእንግሊዝኛ እንዲያቀርብ፣ እዚያ ተቀምጦ ተርም የመቁጠሩ ግዴታም እንዲቀርለት ፈቀደ። ለዚህ ደግሞ ጀርመንኛ ያስፈልገው ነበር። በ1907 በጋ ወደ ሃይደልበርግ ሄዶ የውጭ ተማሪዎች በሚያርፉበት ፓንሲዮን ገባ። ካስተማሩት አንዷ ከሃይልብሮን የመጣችው ኤማ ቬገናስት ናት። የጎተን ሥራ አብረው ያነቡ ነበር። ትምህርቱ ክፍል ውስጥ ብቻ አልተዘጋም፤ ተማሪና አስተማሪ አብረው ኔካር ወንዝ ላይ ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ ከከተማው በላይ ወዳለው ፍርስራሽ ቤተ መንግሥት ይወጣሉ፣ በእግር ኮረብታ ለኮረብታ ይሄዳሉ። ቋንቋውን የለመደው በዚህ መሀል ነው። በኦገስት ዓጢያም እዚያ ደርሳ ነበር። እሷ እንደምትለው፣ የለንደኑ ቁጡና ተከራካሪ ኢቅባል ሃይደልበርግ ላይ ሌላ ሰው ሆኗል፤ ይስቃል፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ሲሳሳትም አያፍርም።

አንድ ጠዋት ለጉዞ ተሰብስበው ኢቅባል ቀረ። ክፍሉ ሲሄዱ መጽሐፍ ፊቱ ተዘርግቶ፣ መብራቱ እየነደደ፣ ሌሊቱን በተቀመጠበት ደርቆ አገኙት። ቢጠሩት አይሰማም። ሁሉም ደነገጡ፤ ዓጢያ ይዛ ብትነቀንቀው ነው ወደራሱ የተመለሰው። ሽርሽሩ የበዛበት በጋ መሆኑን ብቻ የሚያይ ሰው ይህንንም አብሮ ይይ። በኔካር ዳር ስላሳለፈው አንድ ጸጥ ያለ ምሽትም አጭር ግጥም ጽፏል።

ለኤማ ልቡ እንዳዘነበለ ደብዳቤዎቹ ያሳያሉ። ሀገሩ ከተመለሰ በኋላ እየረሳው በሄደው ጀርመንኛ ለዓመታት ጻፈላት። ዳግመኛ አልተያዩም። ጎተ ግን አብሮት ቀረ፤ በ1923 ያሳተመው የፋርስኛ ዲዋን ጎተ ስለ ምሥራቅ ለጻፈው ዲዋን የተሰጠ መልስ ነው።

ኖቬምበር 4 ቀን 1907 ሙኒክ ላይ ተፈትኖ ዶክትሬቱን ያዘ። መጽሐፉ በ1908 ለንደን ታተመ፤ መታሰቢያነቱም ለአርኖልድ ነው። ከዚያ ወደ ለንደን ተመልሶ ሕጉን ሲጨርስ በአርኖልድ ቦታ ለጥቂት ወራት ዐረብኛ አስተማረ፤ ስለ እስልምናም ተከታታይ ሙሐደራ ሰጠ። ጁላይ 1 ቀን 1908 ጠበቃ ሆነ።

በሦስት ዓመት፣ በሦስት ከተማ፣ ሦስት ማስረጃ። ይህ ያስደንቃል፤ ለእኔ ግን የበለጠ የሚገርመኝ ውስጡ የተለወጠው ነው። ሲሄድ በ1904 የጻፈው የህንድ ፍቅር መዝሙር በየአፉ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ያየው ግን በዘርና በድንበር የተከፋፈሉ፣ ሠራዊት እያከማቹ እርስ በርስ የሚጠባበቁ ሀገሮችን ነው። የሰውን ልጅ የሚያስተሳስረው አፈርና ደም ሊሆን አይችልም ወደሚል ሐሳብ መጣ፤ ዓይኑም ወደ ኡማው ዞረ። መጋቢት 1907 በጻፈው ግጥም አውሮፓን ስለ መንገዷ አስጠነቀቀ። ከሰባት ዓመት ጥቂት ወራት አልፎ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሲመለስ መርከቡ በሲሲሊ አጠገብ አለፈች፤ ሙስሊሞች ይገዟት የነበረችውን ደሴት አይቶ የሐዘን ግጥም ጻፈ። ጁላይ 27 ላሆር ገባ።

የኋላው ሕይወቱ በብዙ መጻሕፍት የተጻፈ ነው፤ የ1930ው የአላሀባድ ንግግርና የፓኪስታን ሐሳብ፣ ስለ እስልምና አስተሳሰብ ተሐድሶ ያቀረባቸው ሌክቸሮች። ለእኛ ግን አንድ የቀረበን ነገር አለ። በኖቬምበር 1931 ሮም ላይ ሙሶሊኒን አግኝቶት ነበር፤ በጉልበቱም ተማርኮ በግጥም አወደሰው። እንዲህ ተሳስቶ ነበር። ሮም ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ግን፣ ኦገስት 18 ቀን 1935፣ ስሟን በርዕሱ የያዘ ግጥም ጻፈ፤ የአውሮፓን ነጣቂዎችና ቤተ ክርስቲያንን በአንድ ላይ ወቀሰ። ግጥሙ በ1936 በወጣው ዘርበ ከሊም በሚባለው ዲዋኑ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ድምፁ በሕመም ተዘግቶ ነበር። ኢጣሊያ ከሀገራችን ሳትወጣ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1938 ላሆር ውስጥ ወደ አኺራ ሄደ። የተቀበረው ባድሻሂ መስጂድ ደጃፍ ነው። አላህ ይዘንለት።