ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ፦ እንዶድ፣ ወንዝና የመንግሥት ድርሻ

ለአገርና ለሰው ልጅ የጠቀሙ ሰዎችን በምናስታውስበት በዚህ ዓምድ ዛሬ የምናነሳው የአንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ሕይወት ነው። ስማቸውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ሥራቸውን ግን በቅጡ የምናውቅ ጥቂት ነን።

የአርሲ ደጋ ሰው እንዶድን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ዲክሲስ ብንሄድ፣ ወደ ሮቤ ብንሻገር ወይም በአሰላ ዙሪያ ወዳሉት ቀበሌዎች ብንገባ፣ አጥር ላይ የሚንጠላጠለውን ይህን ተክል ሽማግሌው ሁሉ ያውቀዋል። በኦሮምኛ ሃንዶዴ ይሉታል። የፋብሪካ ሳሙና ገበያውን ከመሙላቱ በፊት እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠውና በውሃ አርሰው ጋቢና ነጠላ ያጥቡበት ነበር። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ዓለም ያወቃቸው በዚሁ የእናቶች ሳሙና ነው።

አክሊሉ የተወለዱት በያኔው የሐረርጌ ግዛት፣ በጅጅጋ ከተማ፣ በ1928 ዓ.ም ነው። ዓመቱ ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረበት ነበር። ካደጉ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተጉዘው በሕዝብ ጤና ትምህርቱ በሚታወቀው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1964 አገኙ። ያጠኑት በጥገኛ ተሕዋስያን የሚመጡ በሽታዎችን ነበር። አገራቸው ሲመለሱ ዓይናቸውን የጣሉትም የድሃ ገበሬ በሽታ በሆነው በቢልሃርዚያ ላይ ነው።

ታሪካቸውን ለመረዳት በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል በሰው ደም ሥር ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ እንደ ትሉ ዓይነት በሰገራ ወይም በሽንት ይወጣል። ያ ሰገራ ወይም ሽንት ወንዝ ወይም ቦይ ከገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ግን ቀጥታ ሰው ውስጥ መግባት አይችልም፤ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ገብቶ መራባት አለበት። ከሳምንታት በኋላ ከቀንድ አውጣዋ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል። እግሩን የነከረ ልጅ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ ዓሣ የሚያጠምድ ጎልማሳ ሲያገኝ ቆዳውን ዘልቆ ይገባል። ለመያዝ ውሃውን መጠጣት እንኳ አያስፈልግም። ትሉ ለዓመታት ተቀምጦ ጉበትንና አንጀትን ይጎዳል፤ ሆድ ያሳብጣል፤ ልጅን ያደክማል፤ ከትምህርቱም ያስቀረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ በሽታውን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። ሥራቸው በየወንዙ ቀንድ አውጣ መፈለግ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ቁልቁል ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ፤ ከማጠቢያው ሽቅብ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ሕያዋኑን ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ አፈሰሱባቸው፤ እነዚህም ሞቱ። አጣቢዎቹ ሳያውቁት በሽታ አስተላላፊውን ይገድሉ ኖሯል።

ይህን ያየ ሌላ ሰው አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ዝም ሊል ይችል ነበር። አክሊሉ ግን ለምርምሩ ቤት መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ከዕፅዋት ተመራማሪው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በመሆንም ከልዩ ልዩ አካባቢ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያነጻጸሩ የተሻለ ኃይል ያላቸውን መረጡ። ከተመረጡት መካከል ስሙ የገነነው እንዶድ 44 የተባለው ነው። በአሜሪካ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር የገዳዩን ንጥረ ነገር ምንነት ለዩ፤ በስማቸውም ለማቶክሲን ተባለ።

ትልቁ ፈተና በዓድዋ ከተማ የተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ ነበር። ወንዞቹ በየጊዜው በእንዶድ ተረጩ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በሽታው የቀነሰው ሕፃናቱ ኪኒን ስለዋጡ አይደለም፤ እግራቸውን የሚነክሩበት ውሃ ስለጸዳ ነው።

ግኝቱ ወዲያው በዓለም ዙሪያ ሥራ ላይ ይውላል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር አልተሳሳተም ማለት አይቻልም። በዚያ ዘመን ቀንድ አውጣን ለመግደል የሚያገለግለው በአውሮፓ ፋብሪካ የሚመረት ኬሚካል ነበር፤ ዋጋው ለድሃ አገር አይቀመስም። እንዶድ ደግሞ በገበሬ አጥር ላይ ይበቅላል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ተክሉ ለሰውና ለአካባቢ ደኅንነቱ በዓለም አቀፍ መመዘኛ ካልተረጋገጠ አልቀበልም አለ። ጥያቄው መሠረተ ቢስ አልነበረም። እንዶድ መርዝነት አለው፤ ቢጠጣ ሰውን ይጎዳል፤ ዓሣም ይገድላል። ችግሩ መመዘኛው የሚጠይቀውን ምርመራ የሚያካሂድ ቤተ ሙከራ በኢትዮጵያ አለመኖሩና ገንዘቡን የሚሸፍን አለመገኘቱ ነው። ምርመራው በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ እስኪካሄድ ድረስ ከዓድዋው ግኝት ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ።

በዚህ መሐል ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛ፣ ከአብዮቱ በኋላ አክሊሉ አገራቸውን ለቀው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በኋላም በዩኒሴፍ ማገልገል ጀመሩ። ሁለተኛ፣ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት መጣ። ይህ ኪኒን በአንድ ቀን ተውጦ አብዛኛውን ትል የሚገድል፣ እውነተኛ በረከት የሆነ መድኃኒት ነው። የብዙ መንግሥታትና የእርዳታ ድርጅቶች ትኩረት ከወንዙ ወደ ኪኒኑ ዞረ። በአገራችንም ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በብሔራዊ ደረጃ በትምህርት ቤቶች ይታደላል።

ነገር ግን ኪኒኑ ትሉን እንጂ ወንዙን አያክምም። ዛሬ የዋጠ ልጅ ነገ ከብቱን ሊያጠጣ፣ ሊዋኝ ወይም ውሃ ሊቀዳ ወደዚያው ቦይ ቢወርድ እንደገና ይያዛል። ሐኪሙ ጥፋት የለበትም፤ መድኃኒቱም ሥራውን ሠርቷል። የሐኪሙ ሥልጣን ከጤና ጣቢያው በር አያልፍም። ንጹሕ ውሃ መዘርጋት፣ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማድረግና የመስኖ ቦይን መቆጣጠር የመንግሥት ድርሻ ነው።

የሌሎችን አገሮች ታሪክ ብናይ ይህ ይበልጥ ይገለጥልናል። ጃፓን ይህ በሽታ ለብዙ ትውልድ ያሠቃያት አገር ነበረች። መንግሥት የእርሻ ቦዮችን በሲሚንቶ አስለበጠ፤ ቀንድ አውጣዎቹን አስጠፋ፤ ሕዝቡም በዘመቻው ተሳተፈ። እ.ኤ.አ. በ1996 ክፉኛ በተጠቃው በኮፉ ሸለቆ በሽታው መጥፋቱ ታወጀ። ግብፅ ደግሞ መንግሥት በመድኃኒት ሲዘምት ጥንቃቄ ከጎደለ የሚደርሰውን ታስተምረናለች። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሚሊዮኖች ለቢልሃርዚያ መርፌ ተወጉ። መርፌዎቹ በሚገባ ሳይቀቀሉ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፉ ስለነበር ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ በአገሪቱ ተስፋፋ። ግብፅ ከዓለም በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ሆነች። ጉዳቱን ለማረምም መንግሥት ያስፈልግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በነፃ ተመርምሮ የተገኘበት እንዲታከም ተደረገ። መንግሥት ሲያጠፋ ጥፋቱ አገር ያዳርሳል፤ ሲያስተካክልም እንዲሁ።

ወደ እኛው አካባቢ እንመለስ። በብርዳማው የዲክሲስ ደጋ ቢልሃርዚያ ብዙም አያሰጋም። የአርሲ ልጅ ግን ደጋ ላይ ብቻ አይኖርም። ሥራ ፍለጋ ወደ ወንጂ የሸንኮራ እርሻ ይወርዳል፤ በባቱ ሐይቅ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል፤ ዓሣ ያጠምዳል። ወንጂም ሆነ የባቱ ሐይቅ ዳርቻ በሽታው በጥናት የተረጋገጠባቸው ቦታዎች ናቸው። የመስኖ ቦይ እንጀራ ይሰጣል፤ ካልተጠበቀ ግን ለቀንድ አውጣዋም ቤት ይሆናል።

ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። በቆላው ቧንቧ በሌለበት መስጂድ ብዙ ሰጋጅ ውዱእ የሚያደርገው ከወንዝ ወይም ከቦይ ነው። በሽታው ባለበት ቦታ እጅና እግርን በዚያ ውሃ ውስጥ ነክሮ መታጠብ ለትሉ በር መክፈት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ላይ መሽናትን ከልክለዋል። ይህን ትምህርት በየመድረሳው ለልጆች ማስረዳት ከጤና ትምህርት አይለይም። ነገር ግን ልጁን አትሽና ብለን መጸዳጃ ቤት ካልሠራንለት፣ እናቲቱን ወንዝ አትውረጂ ብለን ውሃ ካላቀረብንላት ምክራችን በአየር ይቀራል።

አክሊሉ የደከሙበት ሐሳብም ይኸው ነበር። እንዶድን ተአምር አድርገው አላቀረቡም። ኃይሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ይህ ለአካባቢ መልካም ነው፤ ቀንድ አውጣዋ ግን ተመልሳ ስለምትራባ ርጭቱ መደጋገም አለበት። መደጋገም ደግሞ የሚያመርት ገበሬ፣ የሚረጭ ባለሙያ፣ ቀን ቆጥሮ የሚከታተል የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና የተመደበ በጀት ይጠይቃል። ተክሉ በአገራችን እያለ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ሳይውል የቀረውም በአንድ ኬሚካል ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ከተመራማሪው እጅ ተቀብሎ እስከ ወንዙ የሚያደርስ የማያቋርጥ ሥርዓት ስላልቆመለት ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቱቦ የሚደፍኑትን ዜብራ ሙስል የተባሉ ቅርፊት ለበስ እንስሳት እንደሚገድል ታወቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለዚህ አጠቃቀም የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። የዓድዋ ሴቶች ዕውቀት በሌላ አገር የሕግ ከለላ አገኘ ማለት ነው። የራስን ሀብት መዝግቦ መጠበቅም ከመንግሥት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ይህ ያሳየናል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ አረፉ። ትተውልን የሄዱት የምርምር ተቋም ዛሬም ወጣት ተመራማሪዎችን ያሠለጥናል።

ታሪካቸውን አንብበን ስንጨርስ በየአካባቢያችን ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። በትምህርት ቤት ኪኒን ሲታደል ልጆቻችንን እንላክ፤ ምስጋናም ይገባል። ከኪኒኑ ቀጥሎ ግን ውሃው መቼ እንደሚመጣ የቀበሌ አስተዳዳሪያችንን እንጠይቅ። የመስጂድ ኮሚቴዎች ለግንባታ ገንዘብ ስናሰባስብ ከሚናራው በፊት የውዱእ ውሃውንና መጸዳጃውን እናስብ። ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርዱ ወንድሞችና እህቶች ተመልሰው ሲመጡ ሆዳቸውን ካመማቸው ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካዩ፣ የሠሩበትን ቦታ ለሐኪሙ ይንገሩ። አላህ ለሕመምተኞቻችን ሺፋውን ይስጥልን፤ ኃላፊነት የተሸከሙትንም አደራቸውን የሚወጡ ያድርግልን። አሚን።