ስለ ከዋክብት ለመማር ባሕር የተሻገሩት ሴሲሊያ ፔይን



በአምቦ ከተማ መብራት በጠፋበት ሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው፣ እነዚያ ከዋክብት ከምን እንደ ተሠሩ ሳይጠይቅ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ ትክክለኛውን መልስ ያገኙት አንዲት የ25 ዓመት ተማሪ ነበሩ። ስማቸውም ሴሲሊያ ፔይን ይባላል። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የትኛው ዩኒቨርሲቲ ገብተን ምን እንማር እያልን በምንጨነቅበት በዚህ ወቅት፣ የእኝህን ሴት ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል ብዬ ስላሰብሁ በአጭሩ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሴሲሊያ ፔይን በእንግሊዝ አገር ዌንዶቨር በምትባል ትንሽ ከተማ ሜይ 10 ቀን 1900 ተወለዱ። አባታቸው የሕግ ሰውና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጃቸው የ4 ዓመት ሕፃን ሳሉ ስለ ሞቱ፣ እናታቸው ሦስት ልጆች ብቻቸውን አሳደጉ። ሴሲሊያ በለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲማሩ የሙዚቃ አስተማሪያቸው የታወቁት የዜማ ደራሲ ጉስታቭ ሆልስት ነበሩ። እርሳቸውም ወደ ሙዚቃ እንዲያዘነብሉ ቢያደፋፍሯቸው፣ የወጣቷ ልብ በሳይንስ ተማርኮ ነበር።

በ1919 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኒውንሃም የተባለውን የሴቶች ኮሌጅ ገቡ። መጀመሪያ የተማሩት ስለ ዕፀዋት፣ ስለ ፊዚክስና ስለ ኬሚስትሪ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ፕሮፌሰር አርተር ኤዲንግተን፣ በምዕራብ አፍሪካ በምትገኘው በፕሪንሲፔ ደሴት የፀሐይን ግርዶሽ ተመልክተው የአይንስታይንን ሐሳብ እንዴት እንደ ፈተኑ ንግግር አደረጉ። ሴሲሊያም ወደ ክፍላቸው ተመልሰው የሰሙትን ሁሉ ቃል በቃል ጻፉት፤ ሦስት ሌሊት ያህልም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ሰማይ ሆነ።

ትምህርታቸውን በ1923 በፈጸሙ ጊዜ ግን መንገዱ ጠበበባቸው። ካምብሪጅ ሴቶችን ያስተምራል እንጂ እስከ 1948 ድረስ ሙሉ ዲግሪ አይሰጣቸውም ነበር። በእንግሊዝ አገር ሳይንስ የተማረች ሴት ልታገኘው የምትችለው ሥራም ከሞላ ጎደል በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ማስተማር ነበር። ማስተማር የተከበረ ሥራ መሆኑን እኛ ከአስተማሪዎቻችን አይተናል፤ ነገር ግን ሴሲሊያ የተመኙት ከዋክብትን መመርመር ነበር። ስለዚህ ኒውተን በተማሩበት በስመ ጥሩው ስፍራ መቆየት ይሻላል ወይስ ዘመድ ወደሌለበት አገር መሄድ ብለው ማሰብ ግድ ሆነባቸው።

በዚያ ጊዜ በአሜሪካ የሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ ሃርሎ ሻፕሊ ነበሩ። ሴሲሊያ፣ ሻፕሊ ወደ ለንደን መጥተው ሲናገሩ ሰምተዋቸው ነበር። በሃርቫርድ ለሴት ተማሪ የሚሰጥ መጠነኛ የገንዘብ ርዳታ ተገኘ። ከዚህም በላይ በመስተዋት ላይ የተነሡ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ የሰማይ ፎቶግራፎች በዚያ ተከማችተው ነበር። አኒ ጃምፕ ካነን የተባሉ ሴትም ከ200 ሺሕ በላይ የሆኑ ከዋክብትን በብርሃናቸው ዓይነት ለይተው መድበዋል፤ የዚያ ሁሉ ትርጉም ግን ገና አልተፈታም ነበር። ሴሲሊያ የመረጡት ስምን በመመዘን ሳይሆን፣ ሊሠሩት የሚሹት ሥራ የት እንዳለ በመመርመር ነው። በ1923 በመርከብ ተሳፍረው ሄዱ።

የኮከብ ብርሃን በፕሪዝም ውስጥ ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል፤ በመካከሉም ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የየራሱ መስመሮች አሉት። የዚያ ዘመን ሊቃውንት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የብረትና የሌሎች ማዕድናት መስመሮች ጎልተው ስላዩ፣ ፀሐይ ከምድር ጋር አንድ ዓይነት ናት ብለው ያምኑ ነበር። በ1920 ግን በቤንጋል ገጠር ከድኻ ባለ ሱቅ የተወለዱት ሕንዳዊው ሊቅ ሜግናድ ሳሃ፣ የመስመሩ ጉልህነት በሙቀትም ጭምር እንደሚወሰን በሒሳብ አሳዩ። ሴሲሊያ በዚህ ሒሳብ የሃርቫርድን ፎቶግራፎች ቢመረምሩ፣ ሃይድሮጅን ከማዕድናቱ ሚሊዮን ጊዜ ያህል በዝቶ ተገኘ። ነገሩን በአምቦ ውሃ መመሰል ይቻላል። ጠርሙሱ ተከድኖ ሳለ በውስጡ ያለው ጋዝ ለዓይን አይታይም፤ ስላልታየ ግን የለም ማለት አይደለም። ሃይድሮጅንም ፀሐይን ሞልቶ ሳለ፣ በሚታየው ብርሃን ላይ የሚተወው ምልክት ጥቂት ነው።

የጥናቱን ረቂቅ በፕሪንስተን የነበሩት ታላቁ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ረስል ተመልክተው፣ ይህ ሊሆን አይችልም ብለው ጻፉላቸው። ወጣቷ ተማሪም የሊቁን ቃል በመፍራት፣ በ1925 በወጣው ጥናታቸው ውስጥ ውጤቱ እውነተኛ እንደማይመስል በገዛ እጃቸው ጻፉ። ከ4 ዓመት በኋላ ረስል ራሳቸው በሌላ መንገድ እዚያው ደረሱ፤ በጽሑፋቸውም የሴሲሊያን ሥራ ጠቀሱ፤ ሆኖም ብዙ ሰዎች ለረዥም ጊዜ የግኝቱን ክብር ለረስል ሰጡ። ዛሬ ከፀሐይ ክብደት ሦስት አራተኛው ያህል ሃይድሮጅን መሆኑ የታወቀ ነው። ሴሲሊያ በእርጅናቸው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው፣ በሐሳባቸው ባለመጽናታቸው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እንጂ በሌላ ሰው ላይ አላደረጉም።

ሃርቫርድም ቢሆን ችግር የሌለበት ስፍራ አልነበረም። ለሴቶች የዶክተርነት ማዕርግ ስለማይሰጥ፣ ሴሲሊያ ማዕርጋቸውን የተቀበሉት ከራድክሊፍ የሴቶች ኮሌጅ ነው። ብዙ ዓመት በአነስተኛ ደመወዝ አገለገሉ፤ የሚያስተምሩት ትምህርትም እስከ 1945 ድረስ በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም። በ1934 ከሩስያዊው ስደተኛ ከሰርጌይ ጋፖሽኪን ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ባልና ሚስቱም ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብትን በአንድነት ሲመረምሩ ኖሩ። በመጨረሻም በ1956 ሙሉ ፕሮፌሰርና የሥነ ፈለክ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በ1976 የአሜሪካ የሥነ ፈለክ ማኅበር ሽልማት ሰጣቸው፤ ሽልማቱም በሄንሪ ኖሪስ ረስል ስም የተሰየመው ነበር። ዲሴምበር 7 ቀን 1979 በ79 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ በአገራችን በእንጦጦ ተራራ ላይ የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ፊዚክስን በደንብ የተማረ የአምቦ ልጅ ወደዚያም ሆነ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ከዋክብትን ለማጥናት ተስፋ ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን ከመሄዱ በፊት አስተማሪው ማን እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደሚሠራ፣ የገንዘቡ ርዳታ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የደከመበትንም ማዕርግ በእርግጥ የሚሰጡት መሆኑን ይጠይቅ። የት ተማረ የሚባለው ወሬ ለጥቂት ቀን ነው፤ ሥራው ግን የዕድሜ ልክ ነው።

ወላጆቻችንም ሴት ልጃችሁ ስለ ሰማይ ብትጠይቃችሁ ጥያቄዋን አታቃልሉባት። እኛም ተማሪዎች ትምህርት ቤት ስንመርጥ እንደ ሴሲሊያ እንምረጥ፤ በሥራችን ያገኘነውን እውነት ግን ታላቅ ሰው ስለ ተቃወመው ብቻ በገዛ እጃችን አንሰርዘው።