ከኮሎምቢያ ተመርቆ ማደሪያ ያጣው ኢኮኖሚስት

ህንድ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ጋንዲ ነው። አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራ ሆስፒታል ስላለ ስሙን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ህንድ ውስጥ ግን ሱፍ ለብሶ፣ መነጽር አድርጎ፣ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ወደ ፊት የሚጠቁም የሌላ ሰው ሐውልት በየከተማውና በየመንደሩ ቆሞ ታገኛላችሁ። ሰውየው ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር ናቸው። የያዙት መጽሐፍ ደግሞ የህንድ ሕገ መንግሥት ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። አምቤድካርም ኢኮኖሚስት ነበሩ፤ ሆኖም ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ስማቸው ክፍል ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ዛሬ ስለ እሳቸው የምጽፈው አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው። እኛ ወጣቶች ሁሌ የሚነገረን ነገር አለ፤ ተማር፣ ሥራ ያዝ፣ ያኔ ማንም አይንቅህም ይሉናል። እውነት ነው? የአምቤድካርን ሕይወት አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የውሃ ነገር

አምቤድካር የተወለደው ሚያዝያ 14 ቀን 1891 በማዕከላዊ ህንድ፣ ምሆው በምትባል የጦር ሰፈር ከተማ ነው። ለቤተሰቡ 14ኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ በእንግሊዝ ህንድ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ወታደር ናቸው። ቤተሰቡ ግን ማሃር ከሚባለው ወገን ስለሆነ በካስት ሥርዓቱ «የማይነኩ» ከሚባሉት ይመደባል። ዛሬ ዳሊት የምንላቸው ማለት ነው። ካስት እንደ ሀብት ዛሬ ኖሮ ነገ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ከማን ማህፀን እንደወጣህ ይወስነዋል፤ እስከ ሞት አብሮህ ይኖራል፤ ለልጅህም ይተላለፋል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ልጁ የሚቀመጠው ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ከቤቱ ይዞት በመጣው ጆንያ ላይ ነበር። ሲጠማው ቧንቧውን መንካት አይችልም። የትምህርት ቤቱ ተላላኪ መጥቶ ከከፈተለት ይጠጣል፤ ተላላኪው ከሌለ ጥሙን ችሎ ይውላል።

በ1901 ደግሞ ከወንድሙና ከዘመዱ ጋር ሆነው አባታቸውን ለመጠየቅ በባቡር ሄዱ። ልጆቹ አምረው ለብሰዋል፤ የጋሪ መክፈያ ገንዘብም ይዘዋል። የጣቢያው ኃላፊ መጀመሪያ በደግነት አነጋገራቸው፤ ማሃር መሆናቸውን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ፣ ወደ ኋላም ሸሸ። የሚጭናቸው ባለጋሪ ጠፋ። በመጨረሻ አንዱ እጥፍ ተከፍሎት እሺ አለ፤ እሱም ልጆቹ ራሳቸው በሬዎቹን እንዲነዱና እሱ በእግሩ አብሯቸው እንዲሄድ ተስማምቶ ነው። ስንቅ ይዘው ነበር፤ ግን በመንገድ ላይ ውሃ የሚሰጣቸው ሰው ስላጡ ምግባቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ተርበው አደሩ። ልብ በሉ፣ ገንዘብ ነበራቸው። ገንዘባቸው ግን ውሃ አልገዛላቸውም።

ዲግሪውስ?

ልጁ ጎበዝ ነበር። ቦምቤይ ከሚገኘው ኤልፊንስቶን ኮሌጅ በ1912 በኢኮኖሚክስና በፖለቲካ ሳይንስ ተመረቀ። የባሮዳው ንጉሥ ባገኙት የትምህርት ዕድል በ1913 ኒውዮርክ ወደሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1915 ማስተርሱን ያዘ፤ ቀጥሎም ወደ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ተሻገረ። በስምምነቱ መሠረት ደግሞ ተመልሶ ባሮዳን ማገልገል ነበረበት።

በ1917 ተመለሱ። (ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው።) ባሮዳ ሲደርሱ መንግሥት የሰጣቸው ሥራ አለ፤ ማደሪያ ግን የለም። የህንዱ ሆቴል አያስገባቸውም። ስለዚህ የፓርሲዎች ማረፊያ ውስጥ በፓርሲ ስም ተመዝግበው ገቡ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊዎቹ እንዳይነኳቸው ፋይሉን ከሩቅ ይወረውሩላቸው ነበር። በ11ኛው ቀን ጠዋት ዱላ የያዙ ፓርሲዎች መጥተው በዚያው ቀን እንዲወጡ አዘዟቸው። ሁለት ወዳጆቻቸውን ማደሪያ ጠየቁ። አንደኛው ሠራተኞቼ ጥለውኝ ይሄዳሉ አላቸው፤ ሌላኛው ደግሞ ሚስቱን አሳብቦ አሻፈረኝ አለ። ከሁለት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተመለሱት ምሁር የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ቁጭ ብለው አልቅሰው፣ ማታ በባቡር ወደ ቦምቤይ ሄዱ።

ቦምቤይ ኮሌጅ ውስጥ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ሆነው እንኳን፣ ባልደረቦቻቸው ከመምህራኑ የውሃ ማድጋ እንዳይጠጡ ተቃውመዋል። እንደገና ውሃ! በ1923 ከለንደን በህንድ ገንዘብ ላይ በሠሩት ጥናት ዶክትሬት ያዙ፤ ጠበቃም ሆኑ። ለካስት ግን ያው ማሃር ናቸው።

ኩሬው

የቦምቤይ ምክር ቤት በ1923 የሕዝብ የውሃ ቦታዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ወስኖ ነበር። የማሃድ ከተማም ውሳኔውን ተቀብላለች፤ በወረቀት ላይ። ዳሊቶች ግን አሁንም ቻቭዳር ወደሚባለው ኩሬ አይጠጉም። መጋቢት 20 ቀን 1927 አምቤድካር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አስከትለው ወደ ኩሬው ወረዱና በእጃቸው ጠጡ። ተከታዮቻቸውም ጠጡ። ያደረጉት ይሄው ነው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ተደበደቡ፤ ኩሬውም «ረክሷል» ተብሎ በላም እበት፣ በሽንት፣ በወተትና በእርጎ እንዲነጻ ተደረገ። ከብት የሚጠጣበት ውሃ፣ ሰው ሲጠጣው ረከሰ ማለት ነው። የፍርድ ቤቱ ክርክር በዳሊቶች አሸናፊነት የተቋጨው ከ10 ዓመት በኋላ በ1937 ነው።

ለኔ ትልቁ ሐሳባቸው በ1936 የጻፉት ነው። ለንግግር የጋበዛቸው ማኅበር ጽሑፉን አይቶ ግብዣውን ሲሰርዝ በራሳቸው ወጪ አሳተሙት። ብዙዎች ካስትን የሥራ ክፍፍል ነው እያሉ ይከላከሉለት ነበር። አምቤድካር ይህን አልተቀበሉም፤ ካስት የሚከፋፍለው ሥራውን ሳይሆን ሠራተኞቹን ነው፣ ያውም አንዱን ከአንዱ በላይ እየደረደረ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ላፍታታው። የቆዳ ሥራ ገበያው ቢቀዘቅዝ ቆዳ ፋቂው ወደ ሌላ ሥራ መዞር አለበት። ካስት ግን በሩን ይዘጋበታል፤ የሌላው ካስት ሰውም ቢራብ እንኳ ቆዳ አይነካም። ውጤቱ ሥራ አጥነትና የባከነ ችሎታ ነው። ስንት አምቤድካሮች ጆንያቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ?

ወረቀቱና ኑሮው

ከጋንዲ ጋርም ተጋጭተዋል። በ1932 ዳሊቶች ለብቻቸው ተወካይ እንዲመርጡ እንግሊዝ ስትፈቅድ፣ ጋንዲ ተቃውመው እስር ቤት ውስጥ ጾም ጀመሩ። ጋንዲ ቢሞቱ በየመንደሩ ያሉ ዳሊቶች ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል ግልጽ ነበር። አምቤድካር የፑና ስምምነትን ፈረሙ፤ የተለየው ምርጫ ቀርቶ በጋራው ምርጫ ለዳሊቶች የተጠበቁ መቀመጫዎች በዙ።

በ1947 ነጻ የወጣችው ህንድ የመጀመሪያው የፍትሕ ሚኒስትርና የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ አደረገቻቸው። ውሃ የተከለከለው ልጅ የአገሪቱን ሕግ ጻፈ። አንቀጽ 17 «አለመነካትን» ሻረ። ያም ሆኖ አልተኩራሩም። በድምፅ መስጫ ሳጥን እኩል ሆነን በኑሮ እኩል ካልሆንን ዴሞክራሲው ራሱ አደጋ ላይ ነው ብለው አስጠነቀቁ። ለሴቶች የውርስና የፍቺ መብት የሚሰጠው ረቂቅ ሲጓተትባቸው በ1951 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጥቅምት 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው ጋር ቡድሂስት ሆኑ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን፣ ዴልሂ ውስጥ አረፉ።

በ2011 የህንድ ሕዝብ ቆጠራ መንግሥት በዳሊትነት የመዘገባቸው ሰዎች ከ200 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከመካከላቸው ፕሬዚዳንት የሆኑ አሉ፤ የሰው ዓይነ ምድር በእጃቸው የሚያጸዱም አሉ። ይህን ሥራ የሚከለክል ሕግ በ1993 ወጥቶ ስላልበቃ በ2013 ሌላ ማውጣት አስፈልጓል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። መማር ለአምቤድካር ብዙ ሰጥቷቸዋል፤ የመታገያ መሣሪያውን ያገኙት እዚያ ነው። ግን ዲግሪው የሚለውጠው የተማረውን ሰው እንጂ የሚንቀውን ሰው አይደለም። የሚንቀውን ለመለወጥ ሕግም፣ ኩሬ ድረስ መውረድም አስፈለገ።

የኛ አገር ታሪክ ከህንዱ ጋር አንድ ነው አልልም። ነገር ግን ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን የሠራውን ተጠቅመን ልጁን ለጋብቻ የምንሸሽ ሰዎች፣ የማሃድ ኩሬ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በቀጣይ ቤታችሁ ስለ ጋብቻ ሲወራና አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘሩ ግን ምንድን ነው?» ሲል፣ ዝም አትበሉ።