የዝናብን መንገድ የፈለገው ሊቅ፣ ሰር ጊልበርት ዎከር

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ የክረምትን መግቢያ የማያውቅ ገበሬ አይገኝም። እንደ ዲማና እንደ ደብረ ወርቅ ያሉ የትምህርት ደብሮች በአቅራቢያው ስላሉ፣ ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን እንደሚወጣ ከሊቃውንቱ ሲሰማ ኖሯል። ነገር ግን ቀኑ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ ዝናቡ በጊዜው መጥቶ እስከ መጨረሻው መቆየቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ የተዘራው ጤፍ ፍሬ ሳይዝ ዝናቡ ቢቋረጥበት፣ የዓመት ድካም በከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ መጪው ክረምት እንዴት ያለ ይሆን የሚለው ጥያቄ የጎጃም ገበሬም፣ የሕንድ ገበሬም ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ በሒሳብ ለመመለስ ዕድሜውን ያሳለፈውን የእንግሊዛዊውን ሊቅ፣ የሰር ጊልበርት ዎከርን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዎከር በ1868 በሰሜን እንግሊዝ ሮችዴል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መሐንዲስ ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በ1889 በሒሳብ ፈተና ከጓደኞቹ ሁሉ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጤናው ታውኮ ለማገገም ወደ ስዊስ አገር መሄድ ግድ ሆነበት፤ ሲድንም ተመልሶ በኮሌጁ አስተማረ። የአውስትራልያ ተወላጆች የሚጠቀሙበትን፣ ሲወረወር ዞሮ ወደ ወርዋሪው የሚመለሰውን ቡመራንግ የተባለ እንጨት በሜዳ እየወረወረ አበራረሩን በሒሳብ ይመረምር ስለ ነበር፣ ጓደኞቹ ቡመራንግ ዎከር የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ሄዶ የሚመለስን ነገር መመርመር የሚወድ ሰው ነበርና፣ ኋላ የገጠመው ሥራ ለጠባዩ የተስማማ ነበር።

በዚያ ዘመን ሕንድ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበረች። ከ1876 እስከ 1878፣ ኋላም በ1899 እና በ1900፣ የዝናቡ መቅረት ከቅኝ ገዢው አስተዳደር ጉድለት ጋር ተደምሮ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ በረኃብ አለቀ። የሕንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የመጪውን ክረምት ዝናብ አስቀድሞ መናገር ጀምሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1899 መልካም ዝናብ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ የመጣው ድርቅ ነበር። በ1904 ዎከር የዚህ መሥሪያ ቤት አለቃ ሆኖ ሲሾም፣ ሙያው ሒሳብ እንጂ የአየር ጠባይ ጥናት አልነበረም።

ዎከር ስለ ዝናብ ምክንያት ከመከራከር ይልቅ መዝገብ መመርመርን መረጠ። ከዓለም ዙሪያ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገቦችን አሰባስቦ፣ በሕንዳውያን ጸሐፊዎቹ እጅ አንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ያመሳክር ጀመር። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን ሥራው ሁሉ በብዕርና በወረቀት ነበር። ካሰባሰባቸው መዝገቦች አንዱም የዓባይ ሙላት መጠን ነበር።

አንባቢ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ከጮቄ ተራራ የሚነሱት ሙጋና ሱሃም ከዓባይ ይገባሉ። እንግዲህ በቢቸናና በሞጣ ማሳ ላይ ከወረደው ዝናብ ጥቂቱ በዎከር ወረቀት ላይ ቁጥር ሆኖ ሰፍሯል ማለት ነው። የዓባይ ሙላት በሚያንስበት ዓመት የሕንድም ዝናብ የማነስ ዝንባሌ እንዳለው ከዚያ መዝገብ ተገነዘበ።

ዎከር የበታቾቹን ሥራ የማይንቅ ሰው እንደ ነበር አንድ ነገር ይመሰክራል። በ1913 ወደ ማድራስ በሄደ ጊዜ፣ በወደቡ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ የአንድ ድኻ ጸሐፊ የሒሳብ ሥራ አሳዩት። የሰውየውን ተሰጥኦ ወዲያው ተረድቶ፣ ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ መድቦለት እንዲመራመር ደብዳቤ ጻፈለት። ይህ ጸሐፊ ኋላ ስሙ በዓለም የታወቀው ራማኑጃን ነበር።

ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ዎከር አንድ ትልቅ ነገር አስተዋለ። የአየር ግፊት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲጨምር በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይቀንሳል፤ ያኛው ሲቀንስ ይኸኛው ይጨምራል፤ ነገሩ እንደ ሚዛን ሁለት ሳሕኖች ነው። በ1924 ይህን የደቡብ መወዛወዝ ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት የሰርነት ማዕረግ ተሰጥቶት ከሕንድ ሥራው ተሰናበተ፤ እስከ 1934ም በሎንዶን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆኖ ሠራ። ብዙ ሊቃውንት ግን ምክንያቱ ያልተገለጠ ዝምድና ነው ብለው ሥራውን በጥርጣሬ ተመለከቱት። በ1958 በ90 ዓመቱ ሲሞት የልፋቱን ፍሬ አላየም።

ፍሬው የታየው በ1969 ነው። በዚያ ዓመት የኖርዌዩ ሊቅ ያኮብ ብየርክኔስ የፓሲፊክ ውሃ መሞቅና መቀዝቀዝ ከነፋሱ ጋር ተያይዞ ሚዛኑን እንደሚያንቀሳቅስ አስረዳ፤ አየሩ በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው የሚወርድበትንም መንገድ የዎከር ዑደት ብሎ ጠራው። ኤል ኒኞ በሚባለው ጊዜ የፓሲፊክ ምሥራቃዊ ውሃ ይሞቃል፤ ነፋሱ ይደክማል፤ የኢትዮጵያ ክረምትም ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ2015 ኃይለኛ ኤል ኒኞ በመጣ ጊዜ በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈልጎታል።

የዛሬው ጥያቄ ደግሞ ከዎከር ጥያቄ የከበደ ነው። የስዊድኑ ሊቅ አሬኒየስ ከድንጋይ ከሰል ቃጠሎ የሚወጣው ጋዝ ሲበዛ ምድርን እንደሚያሞቅ በ1896 አስልቶ ነበር፤ ዛሬ ምድር ከዚያ ዘመን ይልቅ ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቃለች። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ከመቶ 7 ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ አጥብቆ ሊወርድ፣ በመካከሉም ረዘም ላሉ ቀኖች ሊቋረጥ ይችላል፤ ይህም ለአንዱ ማሳ ጎርፍንም ድርቅንም በአንድ ክረምት ያመጣበታል። ስለ ዎከር ዑደት ግን ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም፤ ብዙዎቹ የኮምፒዩተር ስሌቶች ዑደቱ እንደሚደክም ሲያመለክቱ፣ ከ1980 ወዲህ የተለካው ግን መበርታቱን አሳይቷል።

ዎከር ያገኛቸው ዝምድናዎች አንዳንዶቹ ከዘመን ብዛት እንደላሉ ታይቷል። በሚሞቅ ዓለም ውስጥ የትናንቱ ስሌት ለነገ ይበቃል ብሎ መቀመጥ ስለዚህ አደገኛ ነው። አዲሱን ስሌት የሚያስገኘው ደግሞ አዲስ መዝገብ ብቻ ነው። ለተማሪውና በየወረዳው ለተመደበው ወጣት ሹም ከዎከር ሕይወት የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፤ የዝናብ መለኪያውን በየቀኑ አይቶ በታማኝነት የሚጽፍ፣ የአየር ጠባዩንም ትንበያ ዘር ከመዘራቱ በፊት ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ የሚያደርስ ሰው፣ ከሊቁ ሥራ ድርሻ አለው። አንድ ቀን ሳይጻፍ ያለፈ ዝናብ ተመልሶ አይለካም።